መሣሪያው ብቻውን ሐኪም አይሆንም

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን አዘጋጆቹ በፈቀዱልኝ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ስላልሰማው አንድ ሕመም፣ ከሕመሙም ይልቅ ስለ ምርመራው ጥራት ያለኝን አስተያየት ለማቅረብ እወዳለሁ። አስተያየቴም ይህ ነው፤ በደንቡ ያልተደረገ ምርመራ ፈጽሞ ካልተደረገ ምርመራ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። «በእኛ አገር ምርመራው መገኘቱ ራሱ መቼ አነሰና ነው የምትመርጠው?» የሚለኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ ለእርሱም በስፍራው መልስ እሰጣለሁ።

አስቀድሜ ሰውነታችን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ላስታውሳችሁ። እጃችንን ለማንሣት ስናስብ ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር በኩል ይወርድና በነርቭ አማካይነት እስከ ጡንቻው ይደርሳል። ነርቩና ጡንቻው ግን እንደ ሁለት የተቋጠሩ ሽቦዎች የተያያዙ አይደሉም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ የሆነ ክፍተት አለ። ነርቩ ከጫፉ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ ይህም ክፍተቱን ተሻግሮ በጡንቻው ላይ ከሚገኙት ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ ጡንቻው ይኮማተራል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ አንዱ ስፍራ ሲበላሽ ሰው ይደክማል። አንዳንድ ጊዜ የሚጎዳው ነርቩ ነው፤ ጊያን ባሬ በሚባለው ሕመም የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጡንቻው ራሱ ይመነምናል፤ ወንዶች ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚይዘውና ከእናት ሊወረስ የሚችለው ዱሸን የሚባለው ሕመም ለዚህ ምሳሌ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍበት ሕመም ግን የሚገኘው በመካከለኛው ክፍተት ላይ ነው። ስሙም ሚያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ሰውነታችን በሽታን ለመከላከል የሚያዘጋጃቸው አንቲቦዲ የሚባሉት ተከላካዮች ጠላትና ወዳጅ ተምታቶባቸው የገዛ ጡንቻውን ተቀባዮች ያጠቃሉ። እንግዲህ ነርቩ መልእክቱን ቢልክም የሚቀበለው ያንሳል ማለት ነው።

የዚህ ሕመም ጠባይ ከሌሎች ልዩ ነው። በሽተኛው ጠዋት ደኅና ሆኖ ይነሣል፤ ሥራ በሠራ ቍጥር ይደክማል፤ ጥቂት ሲያርፍ ኃይሉ ይመለሳል፤ ማታ ግን የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያያል፣ ሲያኝክ መንጋጋው ይዝላል፣ ድምፁም እየሳሳ ይሄዳል። ሙቀት ያብሰዋል፤ ቅዝቃዜ ያሻለዋል። ይህን የቅዝቃዜ ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የጽሑፌ ቍም ነገር በእርሱ ላይ ነውና።

ከታሪኩ ጥቂት ልጥቀስ። (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 ጠዋት ደኅና የነበረች፣ ብዙ ከተናገረች በኋላ ግን አንደበቷ የሚያዝ ሴት እንደነበረች ጽፏል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዮሊ በ1895 ጡንቻን በኤሌክትሪክ ደጋግሞ ሲነካካው ኃይሉ እየቀነሰ መሄዱን አሳየ። ሕክምናውን ያገኘችው ግን ሜሪ ዎከር የምትባል፣ ለንደን ግሪኒች ውስጥ በቅዱስ አልፌጅ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች ሐኪም ናት። የሕመሙ ሁኔታ ኩራሬ በሚባለው የቀስት መርዝ የተመረዘ ሰውን ይመስላል የሚል ነገር በሰማች ጊዜ፣ «እንግዲያውስ የኩራሬ ማርከሻ ለዚህም ሊረዳ ይችላል» ብላ አሰበች። በ1934 ፊዞስቲግሚን የሚባለውን መድኃኒት ለአንዲት በሽተኛ በመርፌ ሰጠቻት፤ የወደቀውም የዓይን ቆብ ለጥቂት ሰዓት ተነሣ። ይህችን ሴት የማደንቅበት ምክንያት አለኝ። ታላቅ የምርምር ተቋም አልነበራትም፤ የነበራት የሚያስተውል ዓይንና የሚያገናዝብ አእምሮ ነው። ዛሬም የሚሰጠው ፒሪዶስቲግሚን የተባለው ኪኒን የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። ሐኪም ይህን ሕመም ሲጠረጥር በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ በሽተኛውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ ያስመለክተዋል፣ ክንዱን ዘርግቶ እንዲቆይ ያደርገዋል፣ ጮክ ብሎ እንዲቈጥር ያዘዋል። ቀጥሎም የዓይን ቆቡ የወረደ እንደሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያስቀምጥበታል፤ ቆቡ ሲነሣ ከታየ ጥርጣሬው ይበረታል። ከዚህ በኋላ የደም ምርመራ አለ። በመላ ሰውነታቸው ከታመሙት 100 ሰዎች በ85 ያህሉ ደም ውስጥ ተቀባዮቹን የሚያጠቃው አንቲቦዲ ይገኛል፤ ሕመሙ በዓይን ብቻ በቆመባቸው ሰዎች ላይ ግን የሚገኘው በግማሽ ያህሉ ነው። ስለዚህ ደሙ ባይናገርም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

የኤሌክትሪኩም ምርመራ እንዲሁ ነው። በቆዳ ላይ በተለጠፈ ነገር አማካይነት ነርቩ በሴኮንድ 2 ወይም 3 ጊዜ እየተነካ የጡንቻው መልስ ይመዘገባል። አራተኛው ወይም አምስተኛው መልስ ከመጀመሪያው ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ክፍተቱ ላይ ችግር አለ ይባላል። መሣሪያው ቍጥሩን በወረቀት አትሞ ያወጣል። ሰው ደግሞ በወረቀት ላይ የታተመ ቍጥር ሲያይ ማመን ይወዳል።

ነገር ግን ቍጥሩ ከየት መጣ? የሒሳብ መምህራችን ዘወትር የሚጠይቁን ጥያቄ ይኸው ነው። አንድ ቀላል ስሌት ልስጣችሁ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ 20 ሳንቲሜትር ነው እንበል፤ መልእክቱ ይህን በ4 ሚሊሴኮንድ ቢሄድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 50 ሜትር ይሆናል። ለካው ግን ሜትሩን በጥንቃቄ ሳይዘረጋ 18 ሳንቲሜትር ብሎ ቢጽፍ ፍጥነቱ 45 ሆኖ ይወጣል። መሣሪያው አልዋሸም፤ ሰውየው የነገረውን አካፈለ እንጂ። የእጁ ሙቀት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የእጅ ቆዳ ቢያንስ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ አለበት፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቅዝቃዜ የነርቩ ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜትር ገደማ ይቀንሳልና። እጁ 27 ዲግሪ የሆነ ጤነኛ ሰው 10 ሜትር ያህል ይጎድልበትና የነርቭ በሽተኛ ይመስላል። በሚያስቴኒያ ግራቪስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቅዝቃዜ ክፍተቱን ስለሚረዳው የታመመው ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ያው የዓይኑን ቆብ አንሥቶ በሽታውን የገለጠው ቅዝቃዜ፣ በእጅ ላይ ሲሆን በሽታውን ይደብቀዋል። በደጋው አገር፣ በክረምት ጠዋት፣ በእግሩ ወይም በአውቶቡስ መጥቶ ደጅ ላይ ተሰልፎ የቆየ ሰው እጁ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህ በአክስቴ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ነው በመጽሐፍ ካነበብሁት ይልቅ የገባኝ። አክስቴ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጥቂት እንጀራ በኋላ ክንዳቸው አልነሣ ይላቸው ጀመር። በምጣዱ ወላፈን ፊት ሲቀመጡ ይብስባቸዋል፤ ደጅ ወጥተው ነፋስ ሲያገኛቸው ይሻላቸዋል። ማታ ማታ የግራ ዓይናቸው ቆብ ይወርዳል። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፤ ሌላው «ጭሱ ነው» አለ፤ መነጽርም ተገዛላቸው። በኋላ አንድ አስተዋይ የጤና መኮንን ሕመሙን ጠርጥሮ ወደ ሐኪም ላካቸው፤ ሐኪሙም ኪኒኑን ለሙከራ አዝዞ ለኤሌክትሪኩ ምርመራ ወደ ከተማ ጻፈላቸው።

በሐምሌ ጠዋት ነበር የሄዱት። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የምርመራ ቤት ተቀበላቸው። ኪኒኑን በዚያን ዕለት ጠዋት እንዳይውጡ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ውጠው ሄዱ። እጃቸውን ያሞቀላቸውም ሙቀቱን የለካላቸውም የለም። የተመረመረውም በእጃቸው ላይ ያለ አንድ ነርቭ ብቻ ነው፤ ሕመሙ ጐልቶ የሚታይበት ፊታቸውና ትከሻቸው አልተነካም። ወረቀቱ «ጤናማ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለሁላችሁም የሚገባ ነው። ወረቀቱን ያየ ሁሉ «ሐሳብ አታብዙ፤ ጭንቀት ነው» አላቸው። ኪኒኑም ቀረ። ቤተ ሰቡ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ የሰለቻቸው ይመስለው ጀመር፤ እሳቸውም ይህን ስለተረዱ ድካማቸውን መደበቅ ያዙ። እኔ ከሕመሙ ይልቅ ይህ መደበቃቸው ያሳዝነኛል።

በኅዳር አንድ ማታ በእራት ላይ እንዳሉ ምግቡ አልወርድ አላቸው፤ ውሃም በአፍንጫቸው ተመለሰ፤ ትንፋሽም አጠራቸው። ሌሊቱን ሆስፒታል ደረሱ፤ ሦስት ሳምንትም ተኝተው ዳኑ። አደጋው ካለፈ በኋላ ያከሟቸው ሐኪም የሐምሌውን ወረቀት አስመጥተው አዩና ጠየቁ፤ እጅዎ ሞቆ ነበርን? መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ወሰዱ? የትኛውን ጡንቻ መረመሩ? ወረቀቱ ላይ አንዱም አልተጻፈም። በረዶውን በዓይናቸው ቆብ ላይ ሲያደርጉት ግን ቆቡ ተነሣ። እጃቸው በሞቀ ውሃ ሞቆ፣ መድኃኒቱም በሐኪሙ ፈቃድ ከምሽቱ ጀምሮ ቆይቶ፣ ፊትና ትከሻ ተጨምሮ ምርመራው ሲደገም የጡንቻው መልስ ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። ሴትዮዋም ያው፣ መሣሪያውም ዓይነቱ ያው ነበር።

አሁን ለተቃዋሚዬ መልስ ልስጥ። «አገራችን ድኻ ናት፤ የነርቭ ሐኪሙም መሣሪያውም ጥቂት ነው፤ በተገኘው ማመስገን ነው እንጂ ሙቀት ተለካ አልተለካ ማለት የቅንጦት ነገር ነው» ይሉኛል። የሐኪሞቹ ማነስ እውነት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው፤ ይህ እንግዲህ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ነገር ግን ጥራት የሀብታም አገር ነገር ነው የሚለውን አልቀበልም፤ የማልቀበልበትም ማስረጃ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ።

ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም ክንዱ በድንገት የዛለ እንደሆነ የጤና ሠራተኛ ወዲያው እንዲያመለክት ታዟል። ፖሊዮ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ከልጁ ሁለት ጊዜ ሰገራ ይወሰዳል፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት መሆን አለበት፤ ሁለቱም ድካሙ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለባቸው፤ ከዚያም በበረዶ ዕቃ እንደቀዘቀዙ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይላካሉ። መንገድ በሌለበት ቆላ ይህን የሚያደርጉት ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ ሠራተኞች ናቸው። በ2013 ወደ ሶማሌ ክልል የገባው የዱር ፖሊዮ ታውቆ የተገታውና በ2020 የአፍሪካ አህጉር ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው እንዲህ ያለው ደንብ በየአገሩ በመጠበቁ ነው። ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚመጣው ዓይነት ገና ስላልጠፋ ክትትሉ ዛሬም አልቆመም። እንግዲህ የልጁ ሰገራ መቀዝቀዝ እንዳለበት የተማረና ይህንንም በበረሃ የሚፈጽም ሕዝብ፣ የሴትዮዋ እጅ መሞቅ እንዳለበት ተምሮ በከተማ ለመፈጸም እንዴት ያቅተዋል? አንድ ጆግ የሞቀ ውሃና አንድ ቴርሞሜትር ምን ያህል ያወጣል?

የፖሊዮው ሥራ የሠመረው በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ አንዱ ምክንያት የተጻፈ ደንብ መኖሩና ደንቡ መጠበቁን የሚቈጣጠር መኖሩ ነው። የሰገራው ዕቃ ሞቆ የደረሰ እንደሆነ ይመዘገባል፤ ብቁ ናሙና አልነበረም ይባላል እንጂ «ልጁ ፖሊዮ የለበትም» ተብሎ ወደ ቤቱ አይሰደድም። እኔ የምለምነው ለኤሌክትሪኩ ምርመራም እንዲሁ እንዲሆን ነው። በእያንዳንዱ የውጤት ወረቀት ላይ የእጁ ሙቀት፣ መድኃኒቱ የተወሰደበት ሰዓት፣ የተመረመሩት ነርቮችና ጡንቻዎች፣ የመርማሪውም ስምና ሙያ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ወረቀት «ጤናማ» የሚለውን ቃል እንዳይጽፍ፤ «አልተረጋገጠም» ማለት ይበቃዋል። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ሁሉ የሪባኑን መቈረጥ በጋዜጣ እናያለን፤ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የት ሄዶ ስንት ወር እንደ ተማረ ግን አናነብም። በእኔ ግምት የሚነበበው ሁለተኛው መሆን ነበረበት።

ስሕተቱ በሌላውም በኩል እንደሚጎዳ መርሳት አይገባም። የሌለበትን ሰው «አለብህ» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ለዚህ ሕመም ከኪኒኑ በተጨማሪ እንደ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ያሉ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለአንዳንዱም ሰው ከደረቱ አጥንት በስተ ኋላ የሚገኘው ታይመስ የተባለ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ለብዙዎች እንደሚረዳ በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት አረጋግጧል። ያለ በሽታው ይህን ሁሉ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ወላጆች ለሚያነቡት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርእሴ ትንሽ ቢርቅም ሕይወት ሊያድን ይችላልና። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ለሌላ በሽታ ሲታከም ሕመሙን መናገር አለበት። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ጄንታማይሲንን የመሳሰሉ በየመድኃኒት ቤቱ የታወቁ ጸረ ተሕዋስያን የጡንቻውን ድካም በድንገት ሊያብሱት ይችላሉ። አክስቴ አሁን ይህን የሚገልጽ ካርድ በመቀነታቸው ቋጥረው ይይዛሉ፤ ካርዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪማቸውም አርመው ፈርመውበታል። እንጀራ መጋገራቸውን ግን አልተዉም፤ ጠዋት በብርዱ ይጋግራሉ፣ ከቀትር በኋላ ያርፋሉ።

የሳይንስ ክበባችን በሚመጣው ዓመት አንድ ሥራ እንዲይዝ ለመምህራችን አሳስቤአለሁ። ለነርቭና ለጡንቻ ምርመራ የሚሄድ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገባውን ጥያቄዎች በቀላል አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ለሐኪም አሳይተን ካሳረምን በኋላ በከተማችን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ ነው የምለው። ጥቂቶቹን ከላይ አይታችኋቸዋል። ጣቢያው ቦታ እንደሚሰጠን ነግረውናል፤ የቀረን በጥሩ እጅ ጽሕፈት የሚጽፍልን ሰው ነው፤ ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ካለ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በቤተ ሙከራው ይፈልገኝ።